«ስኬል እየደረደርክ ነው» ስድብ ነው ወይስ ሙገሳ?

ጀማሪው፦ ሰላም የቃል ሰዎች፣ አንድ ነገር ግራ ገብቶኝ ነው። ጊታር ከጀመርኩ ጥቂት ወር ሆነኝ፣ አሁን ፔንታቶኒክ የሚሉት ባለ አምስት ኖታ ስኬል (በተርታ የሚወጣና የሚወርድ የድምፅ መሰላል) ላይ ነኝ። የመጀመሪያዋን ፓተርን (የጣት አቀማመጥ) ሳልሳሳት እየወጣሁ እየወረድኩ ደስ ብሎኝ ሳለ የሚያስተምረኝ ሰውዬ «አንተ እኮ እየደረደርክ ነው እንጂ እየተጫወትክ አይደለም» አለኝ። ቤት ገብቼ ሳስበው፣ በገና ደርዳሪ ክራር ደርዳሪ ሲባል ክብር አይደል እንዴ? እኔ ጋ ሲደርስ ምነው ስድብ ሆነ?

ፊደል ቆጣሪ፦ ሃሃ ሰውዬህ ቅኔ ነው የተቀኘብህ። ደረደረ ሁለት ነው፣ አንዱ ወንበር ደረደረ መጽሐፍ ደረደረ የምንለው፣ በተርታ ማስቀመጥ። ሌላው ባለ ክር መሣሪያ መጫወት፤ ዋሽንት ይነፋል ከበሮ ይመታል፣ በገናና ክራር ግን ይደረደራል። እሱ የመጀመሪያውን ነው ያለህ። ሰበብ ደረደረ ሲባልስ መች ሙገሳ ሆኖ ያውቃል?

ስድስት ክር፦ እኔም በዚህ ስድብ ነው ያደግኩት 😅 ኤ ማይነር ፔንታቶኒክ ማለት ኤ፣ ሲ፣ ዲ፣ ኢ፣ ጂ ነው፣ አምስት ኖታ ብቻ። አንደኛዋ ፓተርን በወፍራሙ ክር 5ኛና 8ኛ ፍሬት (የጊታሩ አንገት ላይ በብረት የተከፋፈለው ቦታ)፣ ቀጥሎ ያሉት ሦስት ክሮች 5 እና 7፣ የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ደግሞ ተመልሰው 5 እና 8። በየክሩ ሁለት ሁለት፣ በጠቅላላ 12 ድምፅ። ይቺን በሁለት ቀን ትሸመድዳታለህ፣ ችግሩም እሱ ነው፣ ሽምደዳ። ሀ ሁ ሂን በተርታ የሚወርድ ልጅ መሀል ላይ ጣት አድርገህ ይቺ ማናት ስትለው ከሀ ጀምሮ እየቆጠረ እንደሚመጣው ማለት ነው። እኔም ዲ የት ናት ስባል ከ5ኛ ፍሬት ተነስቼ ነበር የምመጣው።

ጥያቄ አለኝ፦ ቆይ ግን ስኬልን ለምን «ቅኝት» አንለውም? ቃሉ እያለን።

ፊደል ቆጣሪ፦ ሲሉ እሰማለሁ፣ ግን ቃኘ መጀመሪያ ክር ማስተካከል ነው። ክራር ላይ ሁለቱ አንድ ናቸው፣ ክሮቹን ለትዝታ ከቃኘህ የቀረህ ትዝታ ነው፣ ወደ አንቺሆዬ ልሂድ ካልክ ክር ማጥበቅ ማላላት አለ። ጊታር ላይ ግን መቃኛው አንዴ ኢ ኤ ዲ ጂ ቢ ኢ ተብሎ አልቋል፣ የሚሄደው ጣትህ ነው። እና ጊታሪስት «ቅኝት ቀይር» ቢሉት መቃኛ ቁልፉን ያዙር ወይስ ጣቱን ያንቀሳቅስ? ለዚህ ስል ስኬል ይቅር አልልም። ደግሞ ሁሉም ፔንታቶኒክ አንድ እንዳይመስልሽ፣ ሜጀር ትዝታ ከሜጀር ፔንታቶኒክ ጋር ይገጥማል፣ አምባሰልና አንቺሆዬ ግን ግማሽ ድምፅ (የአንድ ፍሬት ርቀት) ያለባቸው ሌላ አምስቶች ናቸው።

ጥያቄ አለኝ፦ እሺ ተሸነፍኩ። «ቦክስ»ስ? አንድ ሰው ቦክስ አንድን ያዝ ቦክስ ሁለትን ያዝ ሲል ስሰማ ቡጢ መስሎኝ ነበር።

ስድስት ክር፦ ቦክስ ያው ፓተርን ነው፣ ቦክስ አንድ ቅድም ያልኳት አንደኛዋ ናት። «ቤት» እንበለው፣ ፊደልም ግጥምም ቤት አለው። አምስት ቤት አለ፣ የአንዱ ቀኝ ግድግዳ የቀጣዩ ግራ ግድግዳ ነው። ከ5 እስከ 8 ያለው ቤት ካለቀ ሁለተኛው ወፍራሙ ክር ላይ ከ8 ይነሳና 10 ላይ ያልቃል፣ እንዲህ እያልክ አምስቱን ስትጨርስ 12 ፍሬት ርቀህ ያው የመጀመሪያው ቤት 17 ላይ ይጠብቅሃል። ብዙ ሰው አንደኛው ቤት ውስጥ ተቀምጦ ያረጃል (እኔ ሁለት ዓመት)። ከድርደራ ያወጣኝ ሐረግ ነው። አራት ኖታ ብቻ ይዘህ ሐረግ ሥራ፣ ትንፋሽ ውሰድ፣ ሌላ ሐረግ መልስለት፣ ከዛ ኤ ላይ እረፍ። አረፍተ ነገር የሚባለው እኮ ነገሩ የሚያርፍበት ስለሆነ ነው! እነዛኑ አምስት ኖታዎች ይዘህ ሲ ላይ ብታርፍ ሲ ሜጀር ሆኖ ፊቱ ይፈካል፣ አንድም ፊደል ሳትቀይር። ቀስ ብለህ ሥራው ደግሞ፣ ለመደና ተለማመደ ከአንድ ሥር ናቸው፣ ጣት ስህተቱንም ይለምዳል።

ፊደል ቆጣሪ፦ ልጅ አፉን ፈታ እንደምንለው ጣቱን ፈታ ብንልስ? አንደኛው ቤት ጣት መፍቻ ይሁን። አፍ መፍቻ ቋንቋ ካለ ምን ይከለክለናል።

ጀማሪው፦ ወሰድኩት። ዛሬ ሦስት ኖታ ይዤ ኤ ላይ እያረፍኩ ስጫወት ሰውዬው «እንዲህ ደርድር» አለኝ። ፍሬትንስ ምን እንበለው?

ፊደል ቆጣሪ፦ ፍሬት በለው።