የኬብል ቲቪ ክፍያ ሰለቸኝ፤ በነጻ ምን አማራጭ አለ?

ሪሞት ፈላጊ
ሰላም ለሁላችሁ። በየወሩ ለኬብል ቲቪ የምከፍለው እያናደደኝ ነው። ቻናሉ መዓት ነው፤ እኛ ቤት የሚከፈቱት ግን በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። አማቴ ዜና ብቻ ነው የሚያዩት። ካመለጣቸው ደግሞ ቤቱ ሰላም የለውም። ልጆቹ ካርቱን፣ እኔ ማታ ማታ ፊልም፣ ባለቤቴ ኳስ፣ ያውም የክለብ ኳስ። ኢንተርኔት አለን፤ ግን በጊጋ ነው የምንገዛው። ቲቪው ስማርት ይባላል እንጂ ቀርፋፋ ነው። ሳልከፍል ምን ማግኘት እችላለሁ? የተሰረቀ ነገር አልፈልግም። እባካችሁ "አፕ አውርጂ" ብቻ ብላችሁኝ እንዳታልፉ።

ጣራ ላይ
እህቴ፣ ማን ምን እንደሚያይ መዘርዘርሽ ግማሹን ሥራ አቅልሎታል። ብዙ ሰው ነጻ ቲቪ ይፈልግና ምን እንደሚያይበት ግን አያውቀውም። ሥራዬ ዲሽና አንቴና መስቀል ነው፤ ስለዚህ ወደ ጣራ ባደላ አትፍረጂብኝ።

ኢንተርኔትሽ በጊጋ ከሆነ መጀመሪያ አየር ላይ ያለውን ተጠቀሚ። ኤችዲ ምስል በሰዓት እስከ 3 ጊጋ ሊበላ ይችላል። አማትሽ ቀኑን ሙሉ ዜና ከፍተው ከዋሉ ፓኬጅሽ አለቀ ማለት ነው። ከአንቴናና ከዲሽ የሚመጣው ግን ቀን ከሌት ቢከፈት አንዲት ሜጋ አይቆጥርም።

የማሰራጫ ማማ ቅርብ ከሆነ አንቴና ይበቃሻል። ቲቪሽ ውስጥ ያለው ዲጂታል መቀበያ አገርሽ ከሚጠቀምበት ስርዓት ጋር መግጠሙን ብቻ አረጋግጪ። አንዱ ጋ ዲቪቢ-ቲ2 ነው፣ ሌላው ጋ ኤቲኤስሲ፣ ሌላው ጋ አይኤስዲቢ። ካልገጠመ ትንሽ ሳጥን ይጨመርበታል። ካርቶኑ ላይ "300 ኪሎ ሜትር ይስባል" የሚል አንቴና ካየሽ ግን ስቀሽ እለፊው። ምድር ክብ ናት፤ ከአድማስ በታች ያለ ማማ በአንቴና ብልጠት አይመጣም። ቡስተርም (የሲግናል ማጉያ) ቢሆን የሌለ ሲግናል አይፈጥርም፤ ያለውን ከነጫጫታው ያጎላዋል እንጂ። ከዚያ ይልቅ አንቴናውን ከፍ አድርጊው፣ ቦታ ቀያይሪ፣ በየጊዜው እንደገና ሰርች አድርጊ። ምስሉ ካሬ ካሬ እየሆነ የሚቆራረጥ ከሆነ ሲግናሉ ለጥቂት ነው የጎደለው፤ ትንሽ ማዞር ብቻ ሊያስተካክለው ይችላል።

ግድግዳ ውስጥ ያለውን የኬብል ገመድ እንዳታስነቅይው። ለአንቴናም የሚሆነው ያው ባለ 75 ኦም ገመድ ነው፤ ለየክፍሉ ያደርስልሻል። መጀመሪያ ግን ከድርጅቱ የውጭ መስመር ይለይ። አለዚያ ሁለቱ ይረባበሻሉ።

ማማው ሩቅ ከሆነ ዲሽ ነው መፍትሔው። የቲቪ ሳተላይቶች ከምድር ወገብ በላይ 36 ሺህ ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ተደርድረዋል። ከወገቡ ራቅ ብሎ በሰሜን ያለ ሰው ዲሹን በጥቅሉ ወደ ደቡብ ያዞራል፤ በደቡብ ያለው ወደ ሰሜን። ለወገቡ ቅርብ ከሆንሽ ግን እንደ ሳተላይቱ ቦታ ይበልጡን ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ሊሆን ይችላል። በዚያ በኩል ፎቅ ወይም ትልቅ ዛፍ ከተገተረ በከንቱ አትድከሚ። ሪሲቨሩ ፍሪ ቱ ኤር ይሁን፤ ካርድ የማይጠይቀው ማለቴ ነው። አልጀዚራ፣ ፍራንስ 24፣ ዶቼ ቬለ በብዙ ሳተላይት ላይ ሳይቆለፉ ነው የሚተላለፉት። በዚህ የአማትሽ ነገር አለቀ።

ኳሱ ላይ ግን አልሸነግልሽም። የክለብ ኳስ በቀጥታ፣ በነጻ፣ ያውም በሕጋዊ መንገድ እምብዛም አይገኝም። የማስተላለፊያ መብቱ በውድ ይሸጣላ! "ሰርቨር እንጭንልሽ" የሚሉሽ ሰዎች የሌላ ሰው ካርድ በኢንተርኔት እያጋሩ ነው። የተሰረቀ አልፈልግም ስላልሽ እዚያ አትግቢ።

ሌሊት ተመልካች
ጣራ ላይ፣ ኢንተርኔትን እንዲህ አትጥላው እንጂ! ለፊልም እሱ ነው የሚያዋጣው። ቱቢና ፕሉቶ ቲቪ በማስታወቂያ የሚኖሩ ነጻ አገልግሎቶች ናቸው፤ በሁሉም አገር ግን አይሠሩም። የቤተ መጻሕፍት ካርድ ካለሽና ቤተ መጻሕፍቱ የካኖፒ (በቤተ መጻሕፍት በኩል ፊልም የሚያሳይ አገልግሎት) አባል ከሆነ ደግሞ ያለማስታወቂያ ታያለሽ። ለዳታሽ ሲባል ጥራቱን ወደ 480 አውርጂው። ማታ ሶፋ ላይ ተጋድሞ ለሚያይ ሰው ልዩነቱ አያስከፋም።

ለልጆቹ የምመክርሽ ፍላሽ ነው። ልጅ አንዱን ካርቱን እየደጋገመ ነው የሚያየው፤ ታዲያ ያንኑ በየቀኑ በዳታ መክፈት ምን የሚሉት ነው? ኢንተርኔት አርካይቭ የሚባለው ነጻ ድረ ገጽ ላይ የቅጂ መብታቸው ያለፈ የድሮ ካርቱኖች አሉ። አንዴ አውርደሽ ፍላሽ ላይ ጫኚና ቲቪው ላይ ሰኪው።

ቲቪሽ ቀርፋፋ ነው ብለሽ ስም የለሽ የአንድሮይድ ሳጥን ግን አትግዢ። አንዳንዶቹ ከነቫይረሳቸው እንደሚሸጡ ኤፍቢአይ ራሱ በ2025 አስጠንቅቋል። "ሁሉም ቻናል በነጻ" የሚል ከተለጠፈበት ጭራሽ አትጠጊው።

ባለ ቁጠባ
ባልየው በየሳምንቱ 90 ደቂቃ ሙሉ ካልተቀመጠ በቀር ሃይላይት ይበቃዋል። ብዙ ሊጎችና ክለቦች ራሳቸው ዩቲዩብ ላይ ይለቃሉ። ካልሆነ ኳሱን ብቻ ለብቻው፣ ውድድሩ ባለበት ወቅት ክፈሉ። ለኳስ ብሎ ለመቶ ቻናል መክፈል ግን ግፍ ነው።

ሪሞት ፈላጊ
እግዜር ይስጥልኝ! ከጣራችን ማማው ይታያል፤ እንግዲህ በአንቴና እጀምራለሁ። ሃይላይት የሚለውን ባለቤቴ ከሰማ ያኮርፋል፤ እሱን ለእኔ ተዉት። ጣራ ላይ፣ ኬብሉን አሁኑኑ ላስቆርጠው?

ጣራ ላይ
ቆይ፣ አትቸኩዪ። ለሙከራው አንቴናውን በቀጥታ ቲቪው ላይ ሰኪው፣ የግድግዳውን ገመድ ለጊዜው ተዪው። ሁለቱን ጎን ለጎን አስኪጂና አማትሽ ሳያጉረመርሙ ከከረሙ ያኔ ታስቆርጫለሽ። ከዚያ በፊት ውሉን አንብቢ፤ ጊዜው ሳያልቅ ለሚወጣ ሰው ቅጣት ሊኖር ይችላል። ሳጥናቸውን ከነሪሞቱ ስትመልሺ ደግሞ ደረሰኝ ሳትቀበዪ ከቢሮው እንዳትወጪ።