«ላኢክ» ትምህርት ቤት በአማርኛ ምን ይባላል?

ተርጓሚዋ፦ ሰላም ለሁላችሁ። ስለ ፈረንሳይ ትምህርት ታሪክ እየተረጎምኩ አንድ ቦታ ተያዝኩ። ጽሑፉ ስለ ፈረንሳዩ የትምህርት ሚኒስትር ስለ ዡል ፌሪ ሕጎች ሲያወራ «በ1881 እ.ኤ.አ. ትምህርቱ ነፃ፣ በ1882 ግዴታና ላኢክ ሆነ» ይላል። ነፃውም ግዴታውም አላስቸገሩኝም። «ላኢክ» (laïque) የሚለውን የፈረንሳይኛ ቃል ግን «ዓለማዊ» ልበለው?

የሰዋስው ልጅ፦ ኧረ ተይ እህቴ! ዓለማዊ ስንል እኮ ጾም ጸሎት የተወውን ሰው ነው የምናስበው። የ1882ቱ ሕግ የሃይማኖት ትምህርትን ከክፍል አውጥቶ ግብረ ገብና የዜግነት ትምህርት አስገባ። ከእሁድ ሌላ በሳምንት አንድ ቀን ትምህርት እንዲዘጋም አዘዘ። ለምን? ወላጅ ከፈለገ ልጁን ከግቢው ውጭ ሃይማኖቱን እንዲያስተምርበት ነው። ይሄ ዓለማዊነት ነው?

አባይ ማዶ፦ «ላኢክ» የኛው «ላእክ» አይደለም እንዴ? ልኡክ፣ መልእክት፣ ተልእኮ። መምህሩ በየገጠሩ የሚላክ የመንግሥት ልኡክ ነበር። በደንብ ይገጥማል።

የሰዋስው ልጅ፦ ወንድሜ፣ ድምፅ ስለተመሳሰለ ሥር አንድ አይሆንም። ቅኔ ቤት ስድስት ዓመት የተቀመጥኩት ይህን ለመለየት ነው። ላእክ መቅደስ ገብቶ የሚያገለግለው ነው። ላኢክ ደግሞ ክህነት የሌለው። ጭራሽ ተቃራኒ ናቸው! ምንጩ የግሪኩ «ላኦስ» ነው፣ ሕዝብ ማለት። የቅዳሴው መጽሐፍ «ይበል ካህን፣ ይበል ዲያቆን፣ ይበል ሕዝብ» ይላል አይደል? ያ ሕዝብ ነው። በግእዝም ካህን ያልሆነው ሰው «ሕዝባዊ» ይባላል። ስለዚህ «ሕዝባዊ ትምህርት ቤት»።

ቀለሟ፦ ግእዙ ልክ ነው። የዛሬ አንባቢ ግን «ሕዝባዊ» ሲባል ሰልፍና መፈክር ነው የሚታየው። «የሕዝብ ትምህርት ቤት» ብትለውም የወላጅ ኮሚቴ የሚመራው ይመስለዋል። እኔ «ከሃይማኖት ነፃ» እላለሁ።

የሰዋስው ልጅ፦ እዚያው ዓረፍተ ነገር ውስጥ «ነፃ» የማይከፈልበት ማለት ሆኖ ተቀምጧል። ሁለት ነፃ ሊጋጭ ነው።

አባይ ማዶ፦ «ተልእኮ»ን ግን አልመለስክልኝም።

ቀለሟ፦ አንድ ነገር ልጨምር። በ1886 እ.ኤ.አ. የወጣው ሕግ በመንግሥት ትምህርት ቤት የሚያስተምሩት ላኢክ ብቻ ይሁኑ ይላል። እዚህ ላይ ቃሉ ለሰው ነው። መነኩሴም ካህንም ያልሆነ መምህር ማለት ነው። ለመምህሩ «ሕዝባዊ» ያስኬዳል። ለትምህርት ቤቱ ግን አሁንም አልዋጥልህ ብሎኛል።

ተርጓሚዋ፦ 1886ም እኮ ቀጣዩ ገጽ ላይ አለ! ለሁለቱም አንድ ቃል ልጠቀም ወይስ ልለያየው? ነገ ጠዋት አስረክባለሁ።

የሰዋስው ልጅ፦ መጀመሪያ የ«ላእክ»ን ነገር እንቋጨው።