ሼም የሚያሲዙ ሰዎች ያሉባቸው ኮሜዲዎች የሚወድ ድሬ ውስጥ አለ?

የሳቢያን ልጅ፦
ሰላም ጀመዓ። ሰሞኑን ማታ ሙቀቱ በረድ ሲል ከእህቴና ከወንድሜ ጋር ግቢ ፍራሽ ዘርግተን ላፕቶፕ ላይ ኮሜዲ እያየን ነው፣ የምወዳቸው በሙሉ የሆነ ነገር የጎደላቸው ሰዎች ያሉባቸው ናቸው። ቀልደኛ ነኝ ብሎ የሚያስብ ግን ማንም የማይስቅለት፣ ሰው እንዲወደው ብሎ ዝም ማለት ያለበት ቦታ ላይ የሚያወራ፣ እንደዛ አይነት ሰው ሳይ ልቤ ይሄዳል። የአንድ ትምህርት ቤት አስተማሪዎችን የሚያሳየውን አቦት ኤለመንተሪን አይተን አሁን አሜሪካኖቹ የሰሩትን ዘ ኦፊስ ጀምረናል። እኔ እየተሳቀቅኩም ቢሆን ዓይኔን አልነቅልም፣ ወንድሜ ግን የቢሮው አለቃ ማይክል ስኮት አፉን ሊከፍት ሲል ገና ብድግ ብሎ ውሃ ልጠጣ ብሎ ይሄዳል፣ ወላሂ አልችልም ይላል። እና ይሄ ነገር እየቆየ ይለመዳል ወይስ በቃ አይሆንለትም? ሌላስ ሰው ከነጉድለቱ የሚወደድበት ምን አለ? አማርኛም ቢሆን።

ከዚራ ጥላ ስር፦
አቦ ይመችሽ፣ ጥሩ ጥያቄ ነው። ወንድምሽን እንዳታስገድጂው ግን እስከ ሁለተኛው ሲዝን ታገስ በይው። የመጀመሪያው ሲዝን 6 ኤፒሶድ ብቻ ነው፣ እሱም የእንግሊዞቹ ጥላ ያለበት ነው፣ ኦሪጅናሉን ሪኪ ጀርቬይስና ስቴፈን መርቻንት በ2001 ቢቢሲ ላይ ያወጡት ነው፣ እዛ ያለው አለቃ ምሕረት የለውም፣ አሜሪካኖቹም በ2005 ሲጀምሩ ማይክልን እንደሱ ክፉ ክፉ አስመስለው ነበር። የሁለተኛው ሲዝን መጀመሪያ ላይ ግን ሬስቶራንት ውስጥ ለሰራተኞቹ ሽልማት የሚሰጥበት አለ፣ እሱን አብራችሁ እዩት። ሰራተኞቹ ሌሊቱን ሙሉ በሱ እያፈሩ ተቀምጠዋል፣ ከዛ ሌላ ጠረጴዛ ላይ ያሉ የማያውቋቸው ሰዎች ማይክልን መስደብና ዕቃ መወርወር ይጀምራሉ፣ ሰውዬው ወኔው ሙሽሽ ብሎ በቃ እንጨርስ ሲል እነዛው ያፈሩበት ሰራተኞች ማጨብጨብ ጀመሩ። እኔ ማይክልን የወደድኩት እዛ ላይ ነው። ሰውዬው አልተለወጠም፣ ቀልዱም ያው አያስቅም፣ ግን የኛ ነው አሉት። ድሬም እኮ እንደዛ ነው፣ የሰፈራችንን ለፍላፊ እኛ እንጨርሰዋለን፣ የሌላ ሰፈር ሰው ሲነካው ግን አንለቅም።

ጀጎል 5፦
ወንድምሽን የሚያባርረው ጸጥታው ይመስለኛል። ሚስተር ቢንን ሁላችንም በልጅነታችን እየተንከባለልን አይተናል አይደል፣ ሰውዬው ከማይክል የባሰ ነው ግን ማንም አይሳቀቅም፣ ምክንያቱም እሱ ራሱ አያፍርም፣ ከኋላም የሰው ሳቅ ይሰማል። ዘ ኦፊስ ላይ ሳቅ የለም። የማያስቅ ቀልድ ተቀለደ፣ ዝም፣ ካሜራው ዞሮ የአንዱን ሰራተኛ የጂምን ፊት ያሳይሻል፣ ጂምም አንቺን ያይሻል። ያን ጊዜ ክፍሉ ውስጥ አብረሽ የተቀመጥሽ ነው የሚመስልሽ፣ ለዛ ነው ሰው ተነስቶ የሚወጣው።

ቲቸር ነኝ፦
ስለ አቦት ልናገር፣ አስተማሪ ስለሆንኩ የራሴን ቤት ነው ያየሁት። ጃኒን የምትባል አስተማሪ አለች፣ ኮሪደሩ ላይ ብልጭ ድርግም የምትል አምፖል አይታ ተዪው ትባላለች፣ አትተውም፣ ልታስተካክል ገብታ የትምህርት ቤቱን መብራት ታጠፋዋለች። ይሄ ጉድለት ነው ግን ከምን እንደመጣ ታያላችሁ፣ ለልጆቹ በጣም ስለምታስብ ነው። አለቃዋ አቫ ደግሞ ተቃራኒ ናት፣ ለትምህርት ቤቱ የመጣውን 3000 ዶላር የራሷ ፎቶ ያለበት ታፔላ አሰራችበት፣ ሰነፍ ናት ትዋሻለች፣ ግን አንድ ቀን ቃሏን አጥፍታ ስትቀር አያቷን እያስታመመች እንደነበር እንሰማለን፣ ያም ሆኖ በማግስቱ ጻድቅ አያደርጓትም፣ ያው አቫ ናት። የተከታታዩ ፈጣሪና ጃኒንን ሆና የምትሰራው ኩዊንታ ብራንሰን እናቷ የፊላደልፊያ አስተማሪ ስለነበሩ ይመስለኛል ሰዎቹን እንዲህ የምታውቃቸው፣ የተከታታዩን ስም ራሱ የወሰደችው ካስተማረቻት መምህሯ ነው። ደግማችሁ እዩት፣ በተለይ ከስራ ደክሟችሁ ስትመጡ።

የሳቢያን ልጅ፦
የሽልማቱን ኤፒሶድ ዛሬ ማታ እናየዋለን፣ መብራት ካልሄደ። አማርኛውን ግን ማንም አልመለሰልኝም።

ሽመንደፈር፦
አማርኛ ካልሽ ፋና ላይ የነበረውን ምን ልታዘዝን ፈልጊ፣ አንድ ካፌ ውስጥ ነው፣ ባለቤቱም አስተናጋጁም እያንዳንዱ የራሱ አመል አለው፣ ፖለቲካውን ብትተይው እንኳ ሰዎቹ ያስቁሻል። ቤቶች ድራማን መቼም አይተሻል። እኔን የሚያናድደኝ አብዛኞቹ ኮሜዲዎቻችን የገጠር ሰው አነጋገር ላይ መሳቅ ይወዳሉ፣ መጨረሻ ላይ ደግሞ ጥፋተኛው ይመከራል፣ ይጸጸታል፣ አለቀ። ለምን ይጸጸታል? አመሉን ይዞ በሚቀጥለው ሳምንት ይምጣልን እንጂ! እዚህ ለገሃር ስንት አለ፣ የድሮ የባቡር ሰራተኞች ቁጭ ብለው በፈረንሳይኛ ሲከራከሩ፣ ሂሳብ ሲመጣ ሁሉም እኔ ልክፈል ብሎ ሲታገል እኮ ካሜራ ብቻ ነው የሚጎድለው። ድሬ በባቡሩ ምክንያት የተቆረቆረች ከተማ ሆና አንድ የባቡር ወርክሾፕ ኮሜዲ የላትም። የሚጽፍ ካለ እኔ ሰዎቹን አስተዋውቀዋለሁ፣ ከምሬ ነው፣ ከአስር በኋላ እዛው አይጠፉም።