«ባዶ ሜዳ» የተባለው የማን ሜዳ ነው?

የሰሜን በር፦ አንድ ወንድማችን በካናዳ፣ አልበርታ ክፍለ ሀገር ስላለችው የሊጋል ከተማ የግድግዳ ሥዕሎች ሲጽፍ «ፈረንሳይኛ ተናጋሪዎቹ ባዶ ሜዳ ላይ አገር አቀኑ» አለ። አልዋጥልኝ ብሎ አደረ። ስድስተኛው ስምምነት (Treaty 6) የሚባለው የዘውዱ መንግሥት ውል ከክሪዎችና ከሌሎች ነባር ሕዝቦች ጋር በ1876 የተፈረመው ለዚህ ምድር ነው። ባዶ ሜዳ ከሆነ ከማን ጋር ተፈራረሙ?

አባ ቅጠሉ፦ ጸሐፊው እኔ ነኝ። ከኤድመንተን ወደ ሰሜን 50 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ፣ ልጆቼን ይዤ ሄድኩ። አንድ ሺህ ጥቂት መቶ ሰው የሚኖርባት ከተማ መሥራች ቤተሰቦቿን በየግድግዳው አስፍራለች። እንግሊዝኛ በዋጠው አገር ቋንቋዬን አልለቅም ያለ ሕዝብ ነው ያየሁት። የእኔ ልጆች አማርኛውን እየረሱት ነው። ቀናሁ፤ አልክደውም።

የሰሜን በር፦ ቅናትህ ይገባኛል። ጥያቄዬ ግን «ባዶ» ስላልከው ነው።

የገባር ልጅ፦ ለእኔ «አቀኑ» የሚለውም ይከብደኛል። አያቴ መሬቱ የቀናበት ሰው ነበር። ሰው እያለበት «ቀና» የተባለ አገር እኛም ዘንድ ሞልቷል።

አባ ቅጠሉ፦ የአገር ቤቱን ጠብ ካናዳ ድረስ ለምን ትጎትተዋለህ?

የገባር ልጅ፦ ቃሉን ይዘህ የመጣኸው አንተ ነህ፣ ወንድሜ።

እናት ዓለም፦ ልጆቼ፣ ረጋ በሉ። ወደ ሥራ ስሄድ በኤድመንተን ግራንዲን ባቡር ጣቢያ እመላለስ ነበር። እዚያ መነኩሲት የነባሮቹን ሕፃን ታቅፋ፣ ከኋላዋ የነባሮቹ ልጆች ከወላጆቻቸው ተነጥቀው የሚገቡበት አዳሪ ትምህርት ቤት ተሥሎ ነበር። የሕፃኑ እናት ግን ሥዕሉ ውስጥ የለችም። ስንት ዓመት ሳላስተውል አለፍኩ! በ2014 የነባር ሕዝቦች ተወላጅ የሆነው አሮን ፓኬት ትይዩ ያሉትን ግድግዳዎች ሣለ። በ2021 በካምሉፕስ ከተማ በነበረው እንዲህ ያለ አዳሪ ትምህርት ቤት ግቢ ምልክት የሌላቸው የሕፃናት መቃብሮች ሳይኖሩ አይቀሩም የሚለው ወሬ ሲሰማ የከተማው ምክር ቤት የቀድሞውን ሥዕል በብርቱካናማ አስሸፈነው።

ቀለም ሰሪው፦ እትዬ፣ መሸፈኑን አልደግፍም። የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ግርጌ ላይ ያሠራው ሰው ተደፍቶ ይታያል፤ ማን እንዳሠራው አይደበቅም። እዚህም እንዲሁ ማን እንዳሠራው ቢጨመርበት ይሻላል። ደግሞም የዚህ አገር ብርድና ፀሐይ ቀለሙን ይልጠዋል፤ በየጊዜው ካልታደሰ ግድግዳው ራሱ ይረሳል።

እናት ዓለም፦ ልጇን የተነጠቀች እናት በየቀኑ እያየችው ትለፍ?

ቀለም ሰሪው፦ እርሱን መመለስ አልችልም።

የሰሜን በር፦ ስለ ጥቁሮቹስ? ከአሜሪካ፣ ከኦክላሆማ በ1910 ገደማ መጥተው አምበር ቫሊ የተባለውን መንደር የመሠረቱት እኮ የዚሁ የሰሜን አልበርታ ገበሬዎች ነበሩ። በ1911 የካናዳ መንግሥት «ለአየር ጠባዩ አይስማሙም» ብሎ ጥቁር ስደተኞችን ለአንድ ዓመት የሚያግድ ትእዛዝ አጽድቆ ነበር፤ ሥራ ላይ ሳይውል ቀረ እንጂ። ለልጆችህ ይህንንም ንገራቸው።

አባ ቅጠሉ፦ እነግራቸዋለሁ። ግን የሊጋል ሰዎች የአያቶቻቸውን ፊት በራሳቸው ግድግዳ ላይ ቢሥሉ ምን በደሉ?

የሰሜን በር፦ እነርሱን በደሉ አላልኩም። «ባዶ» ያልከው አንተ ነህ። ቃሉን ታነሳዋለህ ወይስ አታነሳውም?