ክርክር፦ የቲክቶክ ዳታችንን ለጥናት እንስጥ ወይስ አንስጥ?

አወያይ (ቱሉ ዲምቱ ኮንዶ)፦ ቅዳሜ የመጡት የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች የቲክቶክ ዳታችሁን፣ ማለትም ያያችሁት ቪዲዮ የተመዘገበበትን ፋይል፣ ከሴቲንግ አውርዳችሁ ስጡን፣ ሚዲያና የሰው ስሜት እያጠናን ነው ብለዋል። ምን ትላላችሁ? በጨዋ ደንብ እንነጋገር።

የማታ ተማሪ፦ ይሰጥ ባይ ነኝ። በቀን ስንት ሰዓት ስልክ ላይ ነህ ሲባል ሁላችንም በግምት ነው የምንመልሰው። በ2021 በፈረንጆቹ ኔቸር ሂዩማን ቢሄቪየር በሚባል የሳይንስ መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት የብዙ ጥናቶችን ውጤት ሰብስቦ ሲያይ ሰው በአፉ ያለውና ስልኩ የመዘገበው በደንብ አይገጥምም። ታዲያ በመጠይቅ ብቻ ቲክቶክ ወጣቱን አስጨነቀው እንዴት ይባላል?

እናት ከብሎክ 7፦ ልጄ፣ በ2014 በፈረንጆቹ የወጣውን የፌስቡክ ጉድ ሰምተሃል? 689,003 ሰው ሳይጠየቅ የሚያየውን ፖስት እየቀያየሩ ስሜቱ ይለወጥ እንደሆነ ሞክረውበታል። እኔ አላምናቸውም።

የማታ ተማሪ፦ እትዬ እሱን እኮ ኩባንያው ነው ተደብቆ ያደረገው፣ ይሄ ግን ራስዎ አውርደው፣ አይተው፣ የማይፈልጉትን አጥፍተው ነው የሚሰጡት።

መምህርቷ፦ የራሴን አውርጄ ከፈትኩት። ላየሁት ቪዲዮ ሁሉ ቀን፣ ሰዓትና ሊንክ አለ፣ በቃ። እየሳቅኩ ልየው ከፍቶኝ ልየው የለበትም። ከስር ደሞ ሜሴጆች አሉ፣ ጓደኛዬ የቤቷን ችግር የጻፈችልኝ ሳይቀር። እኔ ብፈቅድ እሷ መች ፈቀደች? የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ 1321/2016 ወጥቶ እያለ ፎርም አስፈርሞ መሄድ ብቻ አይበቃም።

ሞባይል ጠጋኙ፦ መምህር ልክ ነሽ፣ እኔ ደሞ ከሱቄ የማየውን ልንገራችሁ። እዚህ ሰፈር ብዙ ስልክ የአንድ ሰው አይደለም፣ ቀን እናት ትደውልበታለች ማታ ልጁ ቲክቶክ ያይበታል ታናሽየው ደሞ ካርቱን፣ ፋይሉ ግን ሦስቱንም አንድ ሰው አድርጎ ነው የሚቆጥረው። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ቪዲዮ የሚያይ ልጅ ደሞ አጥኚው እንቅልፍ ያጣ ሱሰኛ ነው ይለው ይሆናል፣ ልጁ ግን የሌሊት ፓኬጅ ስለሚረክስ ነው የሚጠብቀው። መብራት ጠፍቶ ስልኩ ሲዘጋስ ቲክቶክ ቀነሰ ሊባል ነው? ዳታውን ይውሰዱ፣ ግን ባለቤቱ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ ይሄ እኔ ነኝ፣ ይሄ እህቴ ናት፣ ያን ቀን እንዲህ ሆኜ ነበር ካላላቸው ሥነ ልቦናውን ከየት ያመጡታል?

የማታ ተማሪ፦ በዚህስ እስማማለሁ። ሜሴጁ ከቤት ሳይወጣ ይጥፋ፣ ከዛ ሰውየውን ጎን ለጎን ይጠይቁት።

እናት ከብሎክ 7፦ እንደዛ ከሆነ ትልቁ ልጄ 18 ሞልቶታል፣ እሱን ራሱን ጠይቁት። የትንሿን ግን አልሰጥም።