አይቲ እየተማርኩ ነው፣ ማይነር ግራፊክ ዲዛይን ልያዝ ወይስ ስታትስቲክስ?

ፍላየር_ሰሪዋ፦

ሰላም ቤተሰብ እንዴት ናችሁ። ቨርጂኒያ ነው ያለሁት፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ጨርሼ ዘንድሮ ወደ አራት ዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ትራንስፈር አድርጌያለሁ፣ ሜጀሬ (ዋናው ትምህርቴ) አይቲ ነው። ባለፈው አድቫይዘሬ ጋ ገብቼ ዲግሪ ኦዲቴን (ለዲግሪው ምን ጨረስኩ ምን ቀረኝ ሚለውን ዝርዝር) ስናይ 15 ክሬዲት ባዶ ኢሌክቲቭ (የፈለግኩትን ኮርስ ምሞላበት ቦታ) አለኝ፣ እሷም የተገኘውን ክላስ እየለቃቀምሽ ከምትሞይው ማይነር (ከሜጀርሽ ጎን አነስ ያለ ሁለተኛ መስክ) አድርጊውና ትራንስክሪፕትሽ ላይ ይውጣልሽ አለችኝ። እስከዚህ ደስ ይላል፣ ከዛ በኋላ ግን ሁለት ነገር መሀል ተወጥሬ ቀረሁ።

አንዱ ግራፊክ ዲዛይን ነው። ለቤተክርስቲያን ጉባኤ በሉት ለሠርግ በሉት ለማኅበር በሉት ፍላየር ማን ይሥራ ሲባል እኔ ነኝ፣ "የኔ ቆንጆ ለነገ ትደርሽልኛለሽ አይደል" ይሉኛል፣ ያው በነፃ ነው 😂 ግን የምሬን ነው እወደዋለሁ፣ ማታ ከሥራ ደክሞኝ ገብቼ እንኳ ፊደል ወዲህ ወዲያ ሳደርግ ሌሊቱ ይሄዳል። ሌላው ስታትስቲክስ ነው፣ እሱ እንኳ የራሴ ሐሳብ ነው ለማለት ይከብደኛል፣ የአክስቴ ልጅ ዳታ አናሊስት ስለሆነ "አይቲ ላይ ስታት ጨምሪበት በቃ ብሩ እዛ ነው" ይላል፣ አባዬ ደግሞ ዲዛይን ስለው "ስዕል ልትማሪ ነው አሜሪካ ድረስ የመጣሽው?" ብሎ ዘጋኝ። ሒሳብ አልጠላም፣ ካልኩለስ አንድን ላቤ ጠብ ብሎ ቢ አምጥቻለሁ።

ማታ ማታ እሠራለሁ፣ ፔል ግራንት (ማይመለስ የፌዴራል የትምህርት ድጋፍ) አገኛለሁ፣ ብድር መጨመር አልፈልግም። እና ጥያቄዬ ቀጣሪ ማይነር ያያል ወይ፣ የስቱዲዮ ክላስ ከሥራ ጋር ይሄዳል ወይ፣ ፔል ለማይነር ይከፍላል ወይ? ያለፋችሁበት ብትነግሩኝ ደስ ይለኛል፣ "ልብሽን ተከተይ" ሚለውን ግን በናታችሁ ተዉት።

ሳምፕል_ሳይዝ፦

እህቴ እኔ ሜጀሬ ኢኮኖሚክስ ማይነሬ ስታት ነበር፣ አሁን ኢንሹራንስ ውስጥ ነው ምሠራው። ኢንተርቪው ላይ ማይነርህ ምንድነው ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም። የጠየቁኝ ሪግሬሽን (አንዱ ቁጥር ሲለወጥ ሌላው እንዴት እንደሚለወጥ ማስላት) ሠርተህ ታውቃለህ ወይ፣ በአር ነው በፓይተን፣ ዳታው ውስጥ ባዶ ቦታ ሲበዛ ምን ታደርጋለህ ነው። ስለዚህ ስሙን ተይውና ካታሎግ ውስጥ ገብተሽ ኮርሶቹን አንድ ባንድ እያቸው።

አንድ ነገር ተጠንቀቂ። የስታት ማይነር ብዙ ቦታ 15 ወይ 18 ክሬዲት ነው ይላል፣ ፕሪሪኩዚቱ (ቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ) ግን እዛ ውስጥ አልተቆጠረም። ፕሮባቢሊቲ ሚለውን ኮርስ ስትከፍቺው ካልኩለስ ሁለት ይልሻል፣ አንዳንዱ ጋ ሦስትም ይጠይቃል ምክንያቱም ሁለት ቫሪያብል አብሮ ሲመጣ ደብል ኢንተግራል አለ። አንቺ ገና ካልኩለስ አንድ ላይ ነሽ፣ ካልኩለስ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ 4 ክሬዲት ነው፣ ስለዚህ 15 ያልሽው 19 ወይ 23 ሆነ ማለት ነው፣ ባዶ ቦታሽ ደግሞ 15 ብቻ ነው። የአክስትሽ ልጅ ይሄን ነገረሽ?

ስታት መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ከወሰድኳቸው ሥራ ላይ በየቀኑ ሚያገለግሉኝ ግን ሪግሬሽንና የኤክስፔሪመንት ዲዛይን ናቸው። ለምሳሌ አንድ ድርጅት ሁለት ዓይነት የድረ ገጽ አሠራር አለው እንበል፣ ግማሹ ሰው አንዱን ግማሹ ሌላውን ያያል፣ ከዛ የትኛው ላይ ሰው በዛ ብለሽ ትቆጥሪያለሽ፣ ኤ ቢ ቴስት ሚሉት ነው። ልዩነቱ እውነተኛ ነው ወይስ በአጋጣሚ የመጣ ነው ብሎ መልስ ሚሰጥ ሰው ዲዛይነሮች መሀልም ይፈለጋል። እንዲህ ያለውን አንድ ሁለት ኮርስ ማይነር ሳትይዢም መውሰድ ትችያለሽ፣ ማንም አይከለክልሽም።

ቢጫ_በነጭ፦

ፍላየር_ሰሪዋ የኔ ቢጤ ነሽ 😂 እኔ ኮምፒውተር ሳይንስ ከዲዛይን ማይነር ጋር ነው የጨረስኩት።

በመጀመሪያ ስቱዲዮ ክላስ ስለሚባለው ነገር ልንገርሽ ሰው እንደ ሌላ ክላስ ያስበዋል። 3 ክሬዲት ነው ይላል ግን በሳምንት ሁለቴ ወደ ሦስት ሰዓት ሚጠጋ ቁጭ ትያለሽ፣ ከዛ ደግሞ ቤት ይዘሽው ትገቢያለሽ። ክሪቲክ የሚባል አለ፣ ሥራሽን ፕሪንት አድርገሽ ግድግዳ ላይ ትለጥፊያለሽ፣ ክላሱ በሙሉ ቆሞ እያየ እዚህ ጋ ዓይኔ ጠፋብኝ ይሄ መስመር ለምን እዚህ ጋ ተሰበረ ይልሻል፣ አንቺ ደግሞ መልስ ሊኖርሽ ይገባል፣ "ደስ ስላለኝ" አይሠራም። መጀመሪያ ሰሞን ሰው ያለቅሳል አልዋሽሽም። ክሪቲክ ቀን መቅረት ደግሞ ግሬድሽን ይበላዋል፣ ለኔ ሥራዬን ወደ ቅዳሜና እሁድ እስካዛውር ድረስ ከባዱ ነገር ይሄ ነበር።

ምን አገኘሁበት ካልሽ፣ ታይፖግራፊ (የፊደል አመራረጥና አቀማመጥ)። የመጨረሻ ፕሮጀክቴን በአማርኛና በእንግሊዝኛ አንድ ፖስተር ሠራሁ። እንግሊዝኛው ካፒታልና ስሞል ሌተር አለው፣ ርዕሱን ካፒታል አድርገሽ ከሥሩ ያለውን ትለይዋለሽ፣ የኛ ፊደል ግን ትልቅና ትንሽ ሚባል የለውም፣ ስለዚህ ያለሽ መጠንና ውፍረት ብቻ ነው። ብዙዎቹ የድሮ የአማርኛ ፎንቶች ደግሞ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያላቸው፣ ቦልድ ስትይ ሶፍትዌሩ ራሱ ፊደሉን ያወፍረውና የመ ዓይኖች ይዘጋሉ፣ የጭ ነገርማ ጥቁር ነጥብ ይሆናል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮጲክ ብዙ ውፍረት ስላለው እሱን ይዤ ነው የወጣሁት። እንግሊዝኛ 26 ፊደል በሁለት ነው፣ ለኛ ፎንት ሚሠራ ሰው ከ300 በላይ መሣል አለበት፣ ለምን ጥቂት ሰው እንደሚሠራው ገባኝ።

አሁን ሥራው። እዚህ ዲሲ አካባቢ ሴክሽን 508 ሚባል ሕግ አለ፣ የፌዴራል መሥሪያ ቤት ድረ ገጽና ሶፍትዌር አካል ጉዳተኛም ሚጠቀምበት መሆን አለበት ይላል፣ ማየት የተሳነው ሰው በስክሪን ሪደር (ጽሑፉን በድምፅ ሚያነብ ፕሮግራም)፣ እጁን ማንቀሳቀስ ሚቸግረው በኪቦርድ ብቻ። ለመንግሥት ሚሠሩ ኮንትራክተሮች ይሄን ሚያውቅ ሰው ይፈልጋሉ፣ ኮዱንም ዲዛይኑንም ሚያነብ ሰው ደግሞ እንደልብ አይገኝም። ለምሳሌ መደበኛ ጽሑፍ ከጀርባው ቀለም ጋር ያለው ኮንትራስት ቢያንስ 4.5 ለ 1 መሆን አለበት፣ ቢጫ በነጭ ላይ ግን 1 ለ 1 ገደማ ነው፣ የሀበሻ ሠርግ ካርድ ግማሹ በዚህ ይወድቃል 😂 (ስሜ ከዛ ነው የመጣው)። አረንጓዴ ላይ በቀይ ሚጽፉትን ደግሞ ተያቸው፣ ሁለቱን ቀለም መለየት ሚያቅተው ስንት ሰው አለ።

ለአባትሽ "ስዕል" አትበያቸው። "የመንግሥት ድረ ገጽ ሕግ እንዲያሟላ ምታደርግ" በያቸው፣ ለኔ አባት ሠርቷል።

የ70_30_ልጅ፦

ከአዲስ አበባ ነኝ፣ እናንተ ማይነር መረጥን ብላችሁ ስትጨነቁ እኛ በ70/30 (70 ፐርሰንቱ ሳይንስና ቴክኖሎጂ 30ው ሶሻል ይግባ በሚለው) ሜጀሩንም የመረጠልን መንግሥት ነው 😂😂 ዲዛይን እፈልጋለሁ ያለ ጓደኛዬ ሲቪል ኢንጂነሪንግ ደርሶት ጨርሶ አሁን ሎጎ እየሠራ ነው ሚኖረው። ተጨቃጨቁ ግን ደስ ይላል ማንበቡ።

ጋሽ_ስድስት_ኪሎ፦

ልጆች እኛም ጊዜ ስድስት ኪሎ ሜጀርና ማይነር ነበር። ሜጀሩ ታሪክ የሆነ ማይነሩን ጂኦግራፊ ይይዛል፣ እንግሊዝኛ የያዘ አማርኛ ይይዛል፣ መምህር ሆኖ ሲመደብ ሁለቱንም ማስተማር እንዲችል ነበር፣ ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ አንድ ሰው ሁለት ክፍለ ጊዜ ይሸፍናላ። ስለዚህ ማይነር ጌጥ አልነበረም። ልጄ አባትሽንም አትፍረጂባቸው፣ የሚያውቁት ሠዓሊ ሁሉ ሲቸገር አይተው ይሆናል። ሻይ አፍልተሽ የምትሠሪውን ኮምፒውተር ላይ አሳያቸው፣ ዓይናቸው እያየ ስትሠሪ ሌላ ነው።

ሒሳብ_ሹም፦

የገንዘቡን ጥያቄ ማንም አልመለሰልሽም፣ እኔ ልሞክር፣ ዩኒቨርሲቲ ፋይናንሻል ኤድ ቢሮ ውስጥ ሠርቻለሁ።

የፌዴራል ገንዘብ ሚከፍለው ለዲግሪሽ ለሚቆጠር ኮርስ ነው። ማይነሩ 15ቱ ባዶ ኢሌክቲቭ ውስጥ እስከገባ ድረስ ችግር የለም፣ ኢሌክቲቩም የዲግሪሽ አካል ነው። ችግር ሚመጣው ሲያልፍ ነው። በሴሚስተር 12 ክሬዲት ያዝሽ እንበልና ከሱ 3ቱ የትም ማይቆጠር ከሆነ ፔልሽ በ9 ይሰላል፣ የሩቡ ገንዘብ ሄደ ማለት ነው፣ ሒሳብሽ ላይ ሲወጣ ነው ሰው ሚደነግጠው። ሳምፕል_ሳይዝ ያለው ካልኩለስ ነገር እዚህ ጋ ነው ሚያገናኘው፣ ከቦታሽ በላይ ሚሆነው ኮርስ ይቆጠርልኝ እንደሆነ ብለሽ ቢሯችሁን በኢሜይል ጠይቂ፣ ማይነር ዲክሌር ካደረግሽ ሚቆጥር ትምህርት ቤት አለ ማይቆጥርም አለ፣ መልሱን በጽሑፍ ያዢ፣ በስልክ የተባለ ነገር ኋላ ላይ አይረዳሽም። ፔል በሕይወት ዘመን 12 ሙሉ ሴሚስተር ብቻ እንደሆነም አትርሺ፣ ኮሚኒቲ ኮሌጅ የወሰድሽውም ከዛ ላይ ተቀንሷል።

ቨርጂኒያ ስለሆንሽ ደግሞ አንድ ሌላ አለ። በስቴት ነዋሪ ዋጋ ምትከፍዪ ከሆነ ዲግሪሽ ከሚጠይቀው ክሬዲት 125 ፐርሰንቱን ስታልፊ ተጨማሪ ክፍያ ይመጣል፣ ለ120 ክሬዲት ዲግሪ 150 ላይ ማለት ነው። አንቺ ሩቅ ነሽ ግን ሜጀር እየቀየሩ ማይነር ሚደራርቡ ልጆች ይነኩታል።

ኤፍ_ዋን_ነኝ፦

ይቅርታ ጣልቃ ገባሁ፣ እኔ በተማሪ ቪዛ ነው ያለሁት ሜጀሬ ኮሚኒኬሽን ነው፣ ማይነር ዳታ ሳይንስ ብይዝ የስቴም ኦፒቲ 24 ወሩን (ከምረቃ በኋላ ለሳይንስና ቴክኖሎጂ ተመራቂ ሚጨመረውን የሥራ ፈቃድ) አገኛለሁ?

ሒሳብ_ሹም፦

አይሆንም ወንድሜ። 24 ወሩ ሚታየው በዲግሪህ ነው፣ ማይነር አይቆጠርም። ደብል ሜጀር ከሆነና አንዱ ስቴም ዝርዝር ውስጥ ካለ ነው ሚሆነው። ከዲ ኤስ ኦህ (ትምህርት ቤቱ ውስጥ የተማሪ ቪዛ ጉዳይ ሚይዘው ሰው) ጋር ቶሎ ተነጋገር፣ አንዳንዴ ሜጀሩ ራሱ ማታስበው የስቴም ኮድ ውስጥ ይገኛል።

ካርታ_አንጣፊ፦

ሁለቱንም ያጣመረ ሦስተኛ መንገድ ማንም አላነሳም፣ ጂ አይ ኤስ (ዳታን ካርታ ላይ አድርጎ ማየትና ማጥናት)! እኔ ማይነሬ እሱ ነበር። ዳታውም አለ ዲዛይኑም አለ፣ ካልኩለስ ሁለት ሚጠይቅሽ ደግሞ ብዙም የለም። አንድ አሳይመንት ትዝ ይለኛል፣ የፌርፋክስ ካውንቲን የገቢ ቁጥር በአምስት ቀለም ክፈሉት ተባልን፣ እኩል እርቀት አድርገን ስንከፍለው ካውንቲው በሙሉ አንድ ዓይነት መሰለ፣ እኩል ብዛት አድርገን ስንከፍለው ደግሞ ድሃና ሀብታም ሰፈሩ ጎልቶ ወጣ፣ ቁጥሩ አንድም አልተቀየረም። እንደዛ ዓይነት ነገር ከወደድሽ ሂጂበት። ሶፍትዌሩን ካልሽ አርክጂአይኤስ ትምህርት ቤቱ ይሰጥሻል፣ ኩጂአይኤስ በነፃ ነው፣ ዛሬ ማታ አውርደሽ መሞከር ትችያለሽ።

የካርታ ሥራው ደግሞ በርሽ ላይ ነው፣ የጂኦሎጂ ሰርቬዩ ዋና መሥሪያ ቤት ሬስተን፣ ኤን ጂ ኤ (የመንግሥት የካርታና የሳተላይት ምስል ስለላ መሥሪያ ቤት) ስፕሪንግፊልድ። ኤን ጂ ኤ ግን ዜግነት ይጠይቃል፣ ግሪን ካርድ አይበቃም፣ የኮንትራክተሮቹም ብዙው እንደዛው ነው።

ቢጫ_በነጭ፦

@ካርታ_አንጣፊ አሁን ልጅቷን ሁለት ላይ የነበረችውን ሦስት ላይ አደረስካት 😂

ፍላየር_ሰሪዋ፦

እናንተ ሰዎች ተባረኩ፣ ከአድቫይዘሬ የበለጠ ነገር ነው ያገኘሁት። ካታሎጉን ከፍቼ አየሁት፣ እኛም ጋ ፕሮባቢሊቲው ካልኩለስ ሁለት ይላል፣ ሪግሬሽኑ ግን መግቢያ ስታት ብቻ ነው ሚጠይቀው እሱን ደግሞ ኮሚኒቲ ኮሌጅ ወስጄዋለሁ። የዲዛይን ማይነሩ 18 ነው፣ ከሱ ውስጥ ዌብ ዲዛይን ሚለው አንድ ኮርስ ለአይቲ ሜጀሬም ይቆጠራል ይላል፣ ስለዚህ 15ቱ ውስጥ ልክ ገጥሞ ይገባል፣ ሪግሬሽኑ ነው ውጪ ሚቀረው። ጂ አይ ኤሱን ኩጂአይኤስ አውርጄ ልነካካው እና አያለሁ፣ ዜጋ ለመሆን ግን ገና ነኝ።

ጋሼ ሻዩን አፈላዋለሁ እሺ። የ508ቱን ነገር ለአባዬ ነገርኩት፣ "መንግሥት" ሚለው ቃል ላይ ጆሮው ቆመ 😂

አሁን አንድ ነገር ብቻ ቀረኝ። ታይፖግራፊ አንድ ሚሰጠው ማክሰኞና ሐሙስ ከሰዓት ከ4:30 እስከ 7:10 ነው፣ እኔ 5 ሰዓት ሥራ እገባለሁ (ሁሉም በፈረንጅ ሰዓት)። ሌላ ሴክሽን የለም። ኮሚኒቲ ኮሌጅ ተመልሼ ብወስደው ይቀበሉኛል?

ሒሳብ_ሹም፦

ይቻል ይሆናል ግን ከመመዝገብሽ በፊት የአቻነት ሰንጠረዡን (የኮሌጁ ኮርስ በዩኒቨርሲቲው የትኛው ኮርስ እንደሚቆጠር ሚያሳየውን) እዪ፣ ብዙ የዲዛይን ክፍሎች የስቱዲዮ ኮርስ በቁጥር ብቻ አይቀበሉም ፖርትፎሊዮ አይተው ነው። ከማይነሩም የተወሰነው እዛው ዩኒቨርሲቲው መወሰድ አለበት ሚል ሕግ ይኖራል፣ ስንት ክሬዲት እንደሆነ ካታሎጉ ላይ ከማይነሩ ሥር ተጽፎ ታገኚዋለሽ።

ቢጫ_በነጭ፦

ደግሞም ሰመር ላይ ይሰጥ እንደሆነ የዲፓርትመንቱን ጸሐፊ ጠይቂ፣ አድቫይዘርሽን አይደለም፣ ጸሐፊዋን፣ ቀጣዩን ፕሮግራም ከማንም በፊት ምታውቀው እሷ ናት። ዲዛይን ክላስ መጀመሪያ ለሜጀሮቹ ነው ሚከፈተው፣ ለማይነር ሲከፈት የዛኑ ቀን ጠዋት ካልገባሽ ይሞላል።