አስቸኳይ፦ አዳማ ላይ ቧንቧው ቡናማ ውሃ አመጣ፣ ሮቶውም ሞልቷል

ሚጡ ዘአዳማ (ጠያቂ)፦
እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ውሃ ከጠፋ ሰንብቶ ዛሬ ሌሊት መጣ። እኛ ተኝተን ሮቶው ሞልቶ አደረ። ጠዋት ስከፍተው ቡናማ ነው፣ ሽታም አለው። ቤት ውስጥ የዱቄት ወተት የሚጠጣ ሕፃን አለ። ፍሎራይዱ ጨምሮ ነው መሰለኝ፣ አዳማ መቼም በዚህ የታወቀ ነው። ባፈላው ይወጣል? ወይስ ሮቶውን ሙሉ ልድፋው? ተመልሶ መቼ እንደሚመጣ ስለማይታወቅ መድፋቱ ያሳሳል።

አቦል፦
ቡናማ ነው ካልሽ አቦሉ ወጥቷል ማለት ነው። ለቶናው ጥሪን።

እማማ ጓዳ፦
አፍይው የኔ ልጅ። አፍልተሽ አቀዝቅዘሽ ጠጪ። ሌላ ነገር የለውም።

የወንጂ ልጅ፦
እህቴ፣ ፍሎራይድ አይደለም። ፍሎራይድ ቀለም የለው፣ ሽታ የለው። እኔ ወንጂ ነው ያደግኩት፣ ፍሎራይድ ያበለዘው ጥርሴ ምስክር ነው። ያን ሁሉ ፍሎራይድ የጠጣነው ኩልል ካለ የጉድጓድ ውሃ ነው። ብታዪው ምንም አትጠረጥሪውም። የዓለም ጤና ድርጅት ጣሪያ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፤ የስምጥ ሸለቆ ጉድጓዶች ብዙዎቹ ከዚያ ያልፋሉ። የአዳማ ቧንቧ ግን ከአዋሽ ተስቦ ተጣርቶ ነው የሚመጣው። ስለዚህ ያንቺ ችግር ሌላ ነው።

አንድ ነገር ደግሞ ለሁላችሁም። ማፍላት ፍሎራይድን አያወጣም። ውሃው ተኖ ሲቀንስ የቀረው ላይ ይበረታል እንጂ። የጉድጓድ ውሃ የምትጠጡ ሰዎች በማፍላት አትጽናኑ።

ጋሽ ግድብ፦
ነገሩን ከሥሩ እንየው ልጆች። የቆቃ ግድብ በፈረንጆቹ 1960 ሲመረቅ ለመብራት ታስቦ ነው። ገንዘቡም ጣሊያን በጦርነቱ ካሳ ከከፈለችው ነው። አዋሽ በክረምት ከላይኛው ተፋሰስ አፈር ጠርጎ ይመጣል። ያ ደለል ቆቃ ሐይቅ ውስጥ ይተኛል፣ የቀረው ወደ ታች ይወርዳል። ማጣሪያ ጣቢያው ደለሉን በኬሚካል አርግቶ፣ በአሸዋ አጣርቶ፣ ክሎሪን ጨምሮ ይልካል። እንግዲህ ስለ ደን መራቆት ካነሳን ደግሞ

አቦል፦
ጋሼ፣ ሕፃኑ ጡጦውን ይዞ እየጠበቀ ነው።

ጋሽ ግድብ፦
እየመጣሁ ነው። ጣቢያው ንጹሕ አድርጎ ቢልክም መንገድ ላይ ይበላሻል ለማለት ነው። ቱቦው ውሃ ሲኖረው ግፊቱ ወደ ውጭ ነው። ቢያንጠባጥብም ወደ ውጭ ያንጠባጥባል። ውሃ ሲጠፋ ግን ቱቦው ባዶ ይሆንና በዚያችው ስንጥቅ ከውጭ ያለውን ይስባል። ጭቃም ይሁን ፍሳሽ አይመርጥም። ውሃው ሲመለስ ያንን ሁሉ ገፍቶ፣ የቱቦውንም ዝገት አራግፎ ነው የሚመጣው። የመጀመሪያውን ውሃ ሁልጊዜ መልቀቅ ነው እንጂ ሮቶ ውስጥ ማስገባት አይገባም።

ባለ ቁልፍ (ቧንቧ ሠራተኛ)፦
ጋሼ ያሉት ልክ ነው። ሚጡ፣ እነዚህን መልሺልኝ። ቡናማው ከሮቶ የወረደው ብቻ ነው ወይስ ከቆጣሪው በቀጥታ ስትቀጂም ነው? ጎረቤትስ? ሽታው ምን ምን ይላል? የብረት ሽታና የሽንት ቤት ሽታ ለየብቻ ነው። በንጹሕ ብርጭቆ ቅጂና አስቀምጪው። ቀይ ቡናማ ዝቃጭ ወርዶ ከላይ ከጠራ ዝገት ወይም ደለል የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። ብርጭቆው ግን ስለ ጀርም ምንም አይነግርሽም።

ሚጡ ዘአዳማ፦
ከቆጣሪው መጀመሪያ ቡናማ ነበር፣ አሁን እየጠራ ነው። ጎረቤትም እንደዚያው ነው ያሉት። ሽታው እንኳን አላውቅም። መንገዱን እየቆፈሩት ስለሆነ ሰፈሩ ሁሉ ይሸታል። ቦዩ ውስጥ የሽንት ቤት ፍሳሽ ቆሟል።

ባለ ቁልፍ፦
እንዴ! ይሄን ነበር መጀመሪያ መንገር። መንገድ ተቆፍሮ፣ ፍሳሽ ቆሞ፣ ውሃ ጠፍቶ ከመጣ፣ ቱቦ ተነክቷል ብለሽ ነው መነሳት ያለብሽ። የሮቶውን ውሃ ለመጠጥም፣ ለምግብም፣ ጥርስ ለመቦረሽም አትንኪው። ቆፋሪዎቹ ጋ ሄደሽ የተሰበረ ቱቦ እንዳለ ጠይቂ። ለውሃ አገልግሎትም አመልክቱ፣ ተሰብስባችሁ ብትሆኑ ይሻላል።

እማማ ጓዳ፦
ብቻ ታፍላው።

የወንጂ ልጅ፦
እማማ፣ ሰማንዎት።

ሲስተር ክፍለ ከተማ፦
ነርስ ነኝ። በእርጋታ አንብቢኝ ሚጡ።

የልጁን አስቀድሚ። ለእሱ የታሸገ ውሃ ግዢ። እሱንም ቢሆን አፍይው፤ የታሸገ ማለት ከጀርም ነፃ ማለት አይደለም። ዱቄቱን ራሱን ጀርም ሊይዘው ስለሚችል ወተቱ ከ70 ዲግሪ ባላነሰ ውሃ ይበጥበጥ። ውሃው ከፈላ በኋላ ከግማሽ ሰዓት በላይ ሳይቀመጥ በጥብጪውና ጡጦውን ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ነክረሽ አብርጂው። ጡጦውንም በሮቶው ውሃ እንዳታጥቢ። ብዙ እናቶች ወተቱን ይጠነቀቁና ጡጦው ላይ ይሸወዳሉ።

ለአዋቂው ከቆጣሪው በቀጥታ የሚመጣው ሙሉ በሙሉ ከጠራ በኋላ ቅጂና አፍይው። አዳማ ከ2,000 ሜትር በታች ስለሆነ እየተንፈቀፈቀ 1 ደቂቃ ይበቃል። ደሴና አዲስ አበባ ያላችሁ 3 ደቂቃ፤ ከፍታ ላይ ውሃ በዝቅተኛ ሙቀት ነው የሚፈላው። ግማሽ ሰዓት እያፈላችሁ ከሰል አትጨርሱ።

ከሰሉም ጋዙም ካስቸገረ ውሃ አጋር ወይም ቢሻን ጋሪ የሚባለውን የውሃ ማከሚያ ከፋርማሲ ግዢ፣ መጠኑ ማሸጊያው ላይ አለ። ቢሻን ጋሪ ለደፈረሰ ውሃ ይመቻል፤ ቆሻሻውን ያረጋና ክሎሪኑም አብሮት አለ። በረኪና ብቻ ካለሽ፣ 5 በመቶ ገደማ የሆነ፣ ሽቶ ያልገባበት፣ ለ1 ሊትር የጠራ ውሃ 2 ጠብታ አድርገሽ 30 ደቂቃ ጠብቂ። ትንሽ ከደፈረሰ በተደራረበ ነጠላ አጥልለሽ 4 ጠብታ። ሳይጠለል ከጨመርሽ ክሎሪኑን ቆሻሻው ይጨርሰዋል።

ጥያቄ ምልክት፦
በረኪና ጠጡ ትያለሽ እንዴ? ነርስ ሆነሽ?

ሲስተር ክፍለ ከተማ፦
ሁለት ጠብታ ነው ያልኩት ወንድሜ፣ ሁለት ብርጭቆ አላልኩም። ከጣቢያው የሚመጣውም ክሎሪን ተጨምሮበት ነው። በ2014 መጨረሻ ባሌ ላይ የተነሳው ኮሌራ ስንት ቦታ እንደደረሰ አይተናል። ከክሎሪን ሽታ ይልቅ እሱ ነው የሚያስፈራኝ።

ሚጡ፣ ልጁ የውሃ ልክ ተቅማጥ ከጀመረው፣ ካስመለሰው ወይም ከፈዘዘ ነገ አትበይ። ሕይወት አድን ንጥረ ነገር እየሰጠሽ ጤና ጣቢያ ውሰጂው። ንጥረ ነገሩንም ፈልቶ በቀዘቀዘ ውሃ በጥብጪው።

አርባ ምንጭ 40፦
እኛ ጋ ድፍርስ ውሃ የሚጠራው በሽፈራው (ሞሪንጋ) ፍሬ ነው። ፍሬውን ልጣችሁ፣ ወቅጣችሁ፣ በጥብጣችሁ ጨምሩና አማስሉ። ጭቃው ተያይዞ ይወርዳል።

ጥያቄ ምልክት፦
ቅጠሉን ሻይ አድርጌ እጠጣለሁ፣ እሱ አይበቃም?

አርባ ምንጭ 40፦
ቅጠሉ ለሻይህ ይሁንልህ፣ ውሃ አያጠራም። ፍሬውም ቢሆን ያጠራል እንጂ ጀርሙን ሁሉ አይገድልም። ከዚያ በኋላ ማፍላት አለ።

እማማ ጓዳ፦
እኔስ ምን አልኩ?

ፀሐይ ነጋ፦
አዳማ እኮ ፀሐይ በነፃ ነው። የጠራ ውሃ ሃይላንድ ውስጥ ሞልታችሁ ቆርቆሮ ላይ አስተኙት። ብሩህ ቀን ከሆነ 6 ሰዓት፣ ደመና ከበዛ 2 ቀን። ሃይላንዱ ቀለም የሌለውና ያልተቧጨረ ይሁን። ከታች ጋዜጣ አድርጋችሁ ርእሱ በውሃው ውስጥ ካልተነበበ ውሃው ድፍርስ ነው፣ አይሠራም።

ሲስተር ክፍለ ከተማ፦
እውነት ነው። ፍሳሽ ለተጠረጠረበት የሮቶ ውሃ ግን አይሁን፣ ለሕፃኑም አይሁን።

ባለ ቁልፍ፦
ስለ ሮቶው ልጨርስልሽ። ከሳሳሽ አትድፊው፣ ለሽንት ቤት ተጠቀሚበት። ወደ ኩሽና የሚወርደውን መዝጊያ ግን ዝጊ፣ ሰው ረስቶ ይቀዳል። ነጭ ልብስም አትጠቢበት። በተለይ በረኪና ከተጨመረበት የዝገቱ እድፍ ይጣበቃል።

መስመሩ ተጠግኖ ሲጠራ ሮቶውን አራግፊ፣ ግድግዳውንና ታቹን በብሩሽ አሳጥቢ። ከዚያ ሙይውና ለ1,000 ሊትር 1 ሊትር ባለ 5 በመቶ በረኪና ጨምሪ። የቤቱን ቧንቧዎች በየተራ ከፍተሽ ሽታው ሲመጣ ዝጊ፣ መስመሩም አብሮ ይታጠባል። እስከ ማግስቱ ይደር። በሚቀጥለው ቀን ሁሉንም ልቀቂ፣ አለቅልቂ፣ እንደገና ሙይ። ያደረው ውሃ አይጠጣም፣ አትክልት ላይም አይደፋም። ውስጥ የሚገባ ሰው ካለ ደግሞ ክዳኑ ተከፍቶ፣ ውጭ የሚጠብቀው ሰው ኖሮ ነው። በረኪና ይዞ ብቻውን አይግባ።

ለወደፊቱ ከቆጣሪው ቀጥሎ፣ ከሮቶው በፊት አንድ ማስወጫ ቧንቧ አስገጥሚ። ውሃ ጠፍቶ ሲመጣ ቀድሞ በእሱ ይፈስሳል። ማታ ስትተኚ የሮቶውን መግቢያ ዘግተሽ ነው።

አቦል፦
ማታ ከተዘጋ ሮቶው በምን ይሞላል? ውሃ የሚመጣው በሌሊት ብቻ ነው እኮ።

ባለ ቁልፍ፦
እሱም አለ። እንግዲህ ማስወጫውን በትንሹ ከፍቶ፣ ድምፁን ሰምቶ የሚነሳ ሰው ያስፈልጋል።

አቦል፦
አማቴን አስመድባለሁ።

ሐዋሳ በረንዳ፦
ይቅርታ በመሃል ልግባ። የእኔ ደግሞ ነጭ ሆኖ ነው የሚመጣው፣ ወተት ነው የሚመስለው። ክሎሪን በዝቶ ነው?

ባለ ቁልፍ፦
ብርጭቆ ውስጥ ቅዳና ተመልከት። ከታች ወደ ላይ እየጠራ ከሄደ አየር ነው፣ ችግር የለውም። ዝቃጭ ከወረደ ሌላ ነገር ነው።

ሐዋሳ በረንዳ፦
ከታች ወደ ላይ ነው የጠራው። ተመስገን።

ሲስተር ክፍለ ከተማ፦
ሚጡ፣ ልጁ እንዴት ነው? ቱቦውስ ተገኘ?

የወንጂ ልጅ፦
ሚጡ ዝም አለች።

ቆሼ፦
እኔም አዳማ ነኝ፣ የእኛም ሰፈር ዛሬ ቡናማ ነው። ሮቶዬ 2,000 ነው። በረኪናው 2 ሊትር ይሁን ማለት ነው?

ባለ ቁልፍ፦
አዎ፣ 2 ሊትር። ግን መጀመሪያ ሮቶውን እጠብ። ዝቃጩ ላይ በረኪና አታፍስስ።